የእናቴ በርበሬ ጨው ነበረው

እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ይህን የምጽፈው ግን ስለ ሐዘን ለማውራት አይደለም። እሷ ከሄደች በኋላ እኔና አባቴ ጤፍ እያለ፣ ሽሮ እያለ፣ ገንዘብም እንደ ነገሩ እያለ ልንራብ ምንም አልቀረንም ነበር። ስህተቱ በአብዛኛው የእኔ ነው። ወላጁን ይዞ ብቻውን የቀረ ሰው ካለ የእኔን ጥፋት አይቶ ይለፈው ብዬ ነው።

ያለነው ባሕር ዳር ነው። ከቤታችን እስከ ጣና ዳር በእግር ሃያ ደቂቃ ቢወስድ ነው። አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛ ነው፤ ዕድሜውን በፈረቃ ሠርቶ የጨረሰ ሰው። እኔ ቢሮ ነው የምሠራው። አላገባሁም። እህቴ ትዳር ይዛ ደብረ ማርቆስ ነች። እስከ 33 ዓመቴ ድረስ ጓዳ የምገባው ውሃ ለመጠጣት ወይም ከድስት ለመቅመስ ነበር። እናቴ ማማሰያዋን ይዛ "ውጣልኝ ከዚህ" ትለኛለች። እኔም ደስ ብሎኝ እወጣለሁ፤ እውነቱን ለመናገር።

ለቅሶው ሰሞን ቤታችን ምግብ በምግብ ነበር። ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል። የእድር ሴቶች ያበስላሉ። አባቴ ሰው መሃል ተቀምጦ "ኧረ ብላ፣ እግዜር ያጽናህ" እየተባለ ይጎርሳል። ከዚያ አርባዋ ወጣ። ሰው ሁሉ ወደ ጉዳዩ ተመለሰ። ክፋት አይደለም፤ ሰው ልጅ አለው፣ ሥራ አለው። አንድ ማክሰኞ ማታ ሁለታችን ሳሎን ቁጭ ብለን ተያየን። መሶቡ መሃላችን አለ። ባዶውን።

የመጀመሪያው ስህተቴ ሆቴል ነው። ከቢሮ ስወጣ በምሳ ዕቃ አስቋጥሬ እመጣለሁ። አንድ ቀን ተጋቢኖ፣ አንድ ቀን ጥብስ፣ አንድ ቀን ዓሣ ጉላሽ። ለነገ ምሳው ደግሞ ተጨማሪ አስይዛለሁ። ወሩ ሳይጋመስ ደሞዜ ማለቅ ጀመረ። ማታ ስገባ "በላህ አባዬ?" እለዋለሁ። "በላሁ" ይለኛል። ዕቃውም ባዶ ነው። ሱሪው ከወገቡ መንሸራተት ሲጀምር ግን ነገሩ ከነከነኝ። አንድ ቅዳሜ በጊዜ ስመጣ በረንዳ ላይ ቆሞ ጥብሱን ለጎረቤት ውሻ እየወረወረ አገኘሁት። ሲያየኝ አፈረ። እኔም አፈርኩ። ምንም ሳንባባል ገባን።

ምግቡ አልጣመውም ብዬ ደመደምኩ። ከስህተቶቼ ሁሉ የከፋው ይሄ ነው። ወራት የፈጀሁት የእናቴን እጅ ጣዕም በማሳደድ ነው። ችግሩ ድስቱ ውስጥ እንዳልሆነ አልገባኝም።

እናም ማብሰል ጀመርኩ። ስልኬን መደርደሪያው ላይ አቆመዋለሁ፤ እህቴ ከደብረ ማርቆስ ታዛለች። "ሽንኩርቱን ዘይት ሳታደርግ በዝግታ አቁላላው። ሲይዝብህ ጠብ ጠብ እያደረግክ ውሃ ስጠው።" እኔ እሳቱን ለቅቄ በአምስት ደቂቃ አጠቆርኩት። እንደ እኔ ለማያውቅ ሰው ልንገረው፦ ሽንኩርት ላይ ያልታገሰ ከዚያ በኋላ የሚጨምረው ሁሉ አያድነውም። ለሁለት ሰው ወጥም ቢሆን ሃያ ደቂቃ ስጡት። በርበሬው ሲገባም ትንሽ ውሃ ይከተለው፤ አለበለዚያ አርሮ ይመራል። ሽሮ እየጓጎለ ሲያስቸግረኝ ደግሞ መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ። ዱቄቱን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ መበጥበጥ፣ ከዚያ መጨመር። በቃ።

የአተር ክክ ግን ሲያስለቅሰኝ ከረመ። አንድ ሰዓት ጥዶ ማውጣት፣ ጥሬ። እህቴም ሊገባት አልቻለም። በኋላ ቢሮ ያለ ጓደኛዬ ነው የነገረኝ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች። እዚህ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እሳት ብትጨምርም ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ ክክም ሽንብራም ጊዜ ይፈልጋሉ። ማታ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ሲቻል ደግሞ ፕሬዠር መጠቀም ነው። እህቴ ያለችበት ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከእኛም ከፍ ትላለች። ይህን ስነግራት "እና እኔ እስከ ዛሬ ምን እያደረግኩ ነው የማበስለው?" አለች። ለካ እሷ ሁልጊዜ ማታ ነው የምትዘፈዝፈው። ሳትነግረኝ የቀረችው ሁሉም ሰው የሚያውቀው መስሏት ነው።

እንጀራው? አልዋሽም፣ አልቻልኩም። አንዴ አቡክቼ፣ ሦስት ቀን ጠብቄ፣ አብሲት ሳልጥል ጋገርኩ። ዓይን የሚባል ነገር የለው። ምጣዱ ላይ ተለጥፎ በማንኪያ ነው የተፋቀው። ከዚያ ወዲህ እንጀራ እገዛለሁ፤ አላፍርበትም። እዚህ አካባቢ ለሚገዛ ሰው ግን አንድ ነገር፦ የፎገራ ሩዝ ቅርባችን ስለሆነ ጤፍ ላይ መቀላቀል የተለመደ ነው። ሩዝ የበዛበት እንጀራ ትኩስ እያለ ነጭ ነው፣ ያምራል። ሲያድር ይደርቅና ይሰባበራል። ለዕለቱ ከሆነ ችግር የለም። ለሁለት ቀን ከሆነ ሻጯን ምን ያህል ሩዝ እንዳለው ጠይቋት፤ አብዛኞቹ አይደብቁም።

አሁን ወደ ጨው ልምጣ።

እናቴ አንድ ትልቅ ጣሳ በርበሬና አንድ ባልዲ ሽሮ አዘጋጅታ ነበር የሄደችው። እሱን እንደ ቅርስ ነበር የምይዘው። በማንኪያ እየለካሁ እቀንሳለሁ። ወጡ ሲንተከተክ ደግሞ እንደ ማንኛውም ሰው ጨው እጨምራለሁ። አባቴ ትንሽ ይቀምስና ውሃ ይጠጣል። "ጨው በዛ?" ብለው "ደህና ነው" ይላል። ምግብ የሚያማርር ሰው አይደለም። ይሄ ጨዋነቱ ሊገድለው ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አዙሮት የሰው አጥር ይዞ ቆመ። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ግፊቱ በጣም ከፍ ብሏል። ነርሷ መጀመሪያ "ክኒኑን ይወስዳል ወይ?" አለችኝ። ወደ አባቴ ዞርኩ። አንገቱን ደፋ። ክኒኑን ከእራት በኋላ ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር የምትሰጠው እናቴ ነበረች። እራት ሲቀር ክኒኑም ቀርቷል። ቀጥላ "ወጥ የሚሠራው ማን ነው?" አለች። እኔ ነኝ አልኩ። "በርበሬውስ?" የቤት ነው አልኩ፣ ኩራት ቢጤ እየተሰማኝ። "ጨው አለበት?" ስትለኝ መልስ አጣሁ።

ደውዬ እህቴን ጠየቅኳት። "እንዴ! በርበሬውም ሽሮውም ሲሰናዳ ጨው ይገባበታል እኮ" አለች። ለሁለት ወር ጨው ያለው በርበሬና ጨው ያለው ሽሮ ላይ ጨው ስጨምር ኖሬያለሁ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይበቃል ይላል። በሻይ ማንኪያ አንድ ቢሆን ነው። አባቴ ያን ሁሉ በአንድ ማዕድ ሳይጨርሰው አይቀርም ነበር። ስለዚህ እባካችሁ፣ በተለይ ግፊት ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ጨው ከማንሳታችሁ በፊት ሽሮውንም በርበሬውንም እንደ ደረቁ በምላሳችሁ ቅመሱት። ከባልትና የተገዛም ቢሆን ያው ነው። ክኒኑን ደግሞ ከአንድ ነገር ጋር እሰሩት። እኔ አሁን የአባቴን ክኒን መሶቡ አጠገብ ነው የማስቀምጠው።

ጨውን ቀነስኩ። አባቴ ግን አሁንም አይበላም።

እዚህ ላይ የማፍርበትን ነገር ልናገር። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። አጠገባችን ያሉ አንዲት እናት አሉ፤ እትዬ ነው የምላቸው። የእናቴ የቡና ጓደኛ ነበሩ። ልጆቻቸው ሁሉ አዲስ አበባ ናቸው። ከአርባው በኋላ ሁለት ሦስቴ በአጥር "ቡና ደርሷል" ብለው ተጣሩ። "አባዬ ተኝቷል" እላለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ የአባቴ የድሮ ጓደኛ፣ ዓሣ ሲያሰግር የኖረ ሽማግሌ፣ ልክ በእራት ሰዓት መጣ። የኔ ሽሮ ያን ቀን ውሃ ሆኖ ነበር። መሶቡን ከደንኩና "እኛ እንኳ አሁን ነው የበላነው" አልኩት። አባቴ አየኝ። ሰውየው ትንሽ ቆይቶ ሄደ። ከዚያ ቀርቷል። በእናቴ ጊዜ ከዚህ ቤት ሳይበላ የወጣ ሰው አልነበረም። እኔ ስሟን ያስጠበቅኩ መስሎኝ ነው። ይሄ ምን ይቀርባል፣ ሰው ምን ይላል፣ እያልኩ።

ነሐሴ ላይ ነው ሁሉም ነገር የተገለበጠው። ዝናቡ ከሰዓት ጀምሮ አላባራም። መብራት ጠፍቷል። ጓዳችን ጣሪያው ያፈሳል። የከሰል ምድጃውን አቀጣጥዬ ሳሎን አስገባሁት። ዝናቡ በመስኮት ሲገባ መስኮቱን ዘጋሁ። በሩንም። ሽሮ ጣድኩ። ይሞቃል፣ ደስ ይላል። አባቴ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ ራሴን ያመኝ ጀመር። ቀኑን ሙሉ ስላልበላሁ ነው አልኩ። ልቤን አጥወለወለኝ። መነሳት አሰብኩ፣ ግን ሰነፍኩ። እንደዚያ ነው የሚያደርገው፣ ያሰንፋል።

በሩ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው። ከእናቴ የተዋሱትን ሰፌድ ሊመልሱ ነው የመጡት። ከስንት ወር በኋላ፣ በዚያ ዝናብ! እስካሁን ሰበቡ ይገርመኛል። በሩን ገፍተው ሲገቡ "ምነው በሞትኩት!" ብለው ጮኹ። መስኮቱን በረገዱት። ምድጃውን ከነድስቱ ጎትተው ዝናብ ላይ ጣሉት። አባቴን ደግፈን በረንዳ ላይ አወጣነው። እኔ አጥሩ ሥር አስመለሰኝ። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ሄድን፤ አባቴን ኦክስጅን ሰጡት። ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር አሉን።

ከሰል የሚገድለው በጭሱ አይደለም። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ሲቀላ ነው ሰው የሚዘናጋው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ከሰል ከነደደ ደጅ ይንደድ፤ በርና መስኮት መክፈት ብቻውን አያስተማምንም። ፍሙን ለሙቀት ብላችሁ መኝታ ክፍል አታስገቡ። የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው ቶሎ ውጡ። ሎሚ ማሽተት፣ ወተት መጠጣት ምናምን አይረዳም። ንጹሕ አየር፣ ከዚያ ሐኪም።

በማግሥቱ ማታ እትዬ ደግመው መጡ። የሚመገቡትን ጎመን በሳህን ይዘዋል። ለእኛ ያመጡልን መስሎኝ ልቀበል እጄን ዘረጋሁ። "አይ፣ እራቴ ነው" አሉኝ። "ብቻዬን መብላት ሰለቸኝ። ከእናንተ ጋር ልበላ ነው የመጣሁት።" ምን እላለሁ? የኔን ሽሮ አቀረብኩ፤ ከሥሩ ይዟል። ሁለት ሳህን ላወጣ ስል ተቆጡ። "ትሪ የለም እንዴ እዚህ ቤት?" እንጀራው ትሪ ላይ ተዘረጋ። ሽሮው በአንድ በኩል፣ ጎመኑ በሌላ። ቆርሰው፣ ጠቅልለው፣ "ጋሼ፣ በሞቴ" ብለው ወደ አባቴ አፍ ዘረጉ። አባቴ ትንሽ አመነታ። ጎረሰ። "አንድ ጉርሻ ያጣላል" ብለው ደገሙት። ከዚያ በገዛ እጁ ቀጠለ። ያ የያዘ ሽሮ አልቆ ትሪው ተጠረገ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ አባቴ ቆየት ብሎ "እናትህ እኮ ማታ አምስት ሰዓት ከፈረቃ ስገባ ሳትበላ ነበር የምትጠብቀኝ" አለኝ። ሌላ አልተናገረም።

ያኔ ነው የገባኝ። ይሄ ሰው በትዳር ዘመኑ ሁሉ ብቻውን በልቶ አያውቅም። ምሳውን በምሳ ዕቃ አስቀምጬለት እሄዳለሁ፤ ብቻውን ነው። ማታ ደግሞ ሳህኑን አቀርብለትና እኔ ስልኬን ይዤ ጓዳ ነኝ፤ ስቀምስ ስለጠገብኩ። በአንድ ቤት ሆነን ለየብቻ ነበርን። ሰው "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" ሲል ስስታምን ለመንቀፍ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ብዙ አይደለም። ሳህን ቀረ፣ ትሪ ተመለሰ። ስልኬ በእራት ሰዓት ቴሌቪዥኑ ላይ ነው የሚቀመጠው። አስቸጋሪው ምሳ ነበር፤ እኔ ቢሮ ነኝ። እትዬን ለመንኳቸው። እኔ ጠዋት አንድ ወጥ ሠርቼ እወጣለሁ፤ እሳቸው እኛ ቤት መጥተው ከአባቴ ጋር ይበላሉ። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ እሱ ወደ እሳቸው ይሻገራል። ወጪውን አንነጋገርበትም ነበር፤ ያ ስህተት ሆነ። አንድ ወር ላይ እሳቸው ዘይትና ሽንኩርት በድብቅ እየገዙ መሆኑን ደረስኩበት። ቁጭ ብለን በግልጽ ተነጋገርን፦ ጤፉና ዘይቱ ከእኔ፣ ጎመኑና ቃሪያው ከእሳቸው ጓሮ። ይሉኝታ ባለበት ማዕድ አይዘልቅም፤ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አንድ ወጥ ይበቃል የሚል ሕግም አወጣሁ። እንግዳ መጣ አልመጣ፣ ዛሬ ምስር ከሆነ ምስር ነው። ይህን ለመቀበል ብዙ ታግያለሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰው ሲመጣ ፊቴ ይቀላ ነበር። ማንም ግን ድስቱን አላየም። ሰው የሚያየው ቦታ ተለቆለት እንደሆነ ነው።

ያን አሳፍሬ የመለስኩትን ሽማግሌ ቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። ሳቀብኝ። "የእናትህ ሽሮ እንኳ አንዳንዴ ውሃ ይሆን ነበር" አለኝ። አሁን እሑድ እሑድ የሱ ቀን ነው። ጠዋት ሐይቁ ዳር አብረን እንወርዳለን። ዓሣ መምረጥ ያስተማረኝ እሱ ነው። ስንጥቡ ደም የመሰለ ቀይ፣ ዓይኑ ጥርት ያለና ወጣ ያለ ይሁን። ሥጋውን በጣት ስትጫኑት ወዲያው ይመለስ። ፀሐይ ላይ የዋለ ዓሣ በርካሽም ቢሆን ይቅርባችሁ። ለሽማግሌና ለልጅ ቀረሶ ግዙ። ነጭ ዓሣ ይጣፍጣል፣ ግን እሾሁ ብዙና ቀጭን ነው። በክረምት ነጭ ዓሣ ልግዛ ስል ሽማግሌው ይከለክለኛል። እንቁላል ሊጥል ወደ ጉማራና ርብ ወንዝ የሚወጣበት ጊዜ ነው፤ "አሁን የያዝከው የከርሞህን ነው" ይላል።

ስትጠብሱት ከታጠበ በኋላ ውሃውን በደንብ አድርቁት፤ ጎኑን ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርጉት። ዘይቱ በደንብ ሳይሞቅ አታስገቡት። እኔ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ እየገለበጥኩ ነበር የምፈረካክሰው። ተዉት፣ ሲደርስ ራሱ ይለቃል። ሎሚና ዳጣ ካለ ጨው ብዙም አይናፈቅም፤ ለአባቴ የተመቸው ይሄ ነው። ከዚያ እትዬ የዘጌ ቡናቸውን ያፈላሉ። አባቴ ሽንኩርት ይከትፋል። አዎ፣ አባቴ! ወፍራም ወፍራም አድርጎ ነው የሚከትፈው፣ ማንም ግን አይናገረውም።

የእናቴ በርበሬ በቀጣዩ መስከረም ላይ አለቀ። ጣሳውን ሳላጥብ አስቀመጥኩት። ኅዳር ላይ ዛላ በርበሬ ገዝተን ግቢያችን ውስጥ አሰጣን። እህቴ ከደብረ ማርቆስ መጣች። እሷና እትዬ ቀንጥሰው፣ አጥበው፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉና ከበሶብላው ጋር ወቀጡት። ኮረሪማውንና ጥቁር አዝሙዱን የለካሁት እኔ ነኝ። ጨው ሲደርስ እትዬ አዩኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ። ያለ ጨው ተፈጨ፣ እዚያው ጣሳ ውስጥ ገባ።

በዚያው ማታ በአዲሱ በርበሬ ምስር ወጥ ሠራሁ። አምስት ሰው ነበርን። አባቴ ቀድሞ ቆረሰ፣ አጠቀሰ፣ ቀመሰ። ትንሽ አሰበና "ጨው የለውም" አለ።

"ዝም ብለው ይብሉ ጋሼ" አሉት እትዬ፣ ጉርሻ እየጠቀለሉ።